ነርቩ ከመቃጠሉ በፊት

ይህ ጽሑፍ ረዥም ነው፤ የቸኮለ ሰው አስቀምጦት ማታ ያንብበው። ሐሙስ ማታ በግሩፓችን ሲሰድቡኝ ያመሹት ግን አሁኑኑ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። የስድቡን ያህል ጊዜ አይወስድም።

ነገሩን ላልሰማችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እዚሁ ዐማራት አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን አለች። ስሟን አልጠራም፣ የመንገዱንም ቁጥር አልናገርም። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ሦስት አራት ቀን ከወለል አትነሣም። ታስመልሳለች፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃለች። አሠሪዋ መጀመሪያ ሐርጀል አፍልታ ሰጠቻት፤ ቀጥላ ከደመወዟ ቆረጠች፤ አሁን ደግሞ «ወይ ታከሚ ወይ ሂጂ» ብላታለች። አንድ ደላላ (ሥራ የሚያስገባው፣ ቤት የሚያከራየው፣ አሁን ደግሞ ሐኪም የሚያገናኘው ያው አንድ ሰው ነው) ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዳት። ከዚያ አንድ ቃል ይዛ ወጣች፤ «ነርቭ»። የማኅፀንሽን ነርቭ በመሣሪያ እናቃጥለዋለን፣ ከዚያ በኋላ ሕመም የሚባል አታውቂም ተባለች። ዋጋው ከዓመት ደመወዟ ይበልጣል። ግሩፑ ላይ መዋጮ ተጀመረ፤ ገንዘብ ያዥ ሁን የተባልኩት ደግሞ እኔ።

እኔ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅሁ። አልትራሳውንድ ተነሥታለች ወይ? አልተነሣችም። የሚያማት የቱ ጋ ነው? ቀኝ ጎኗን፣ ወደ ታች፣ እስከ ጭኗ ድረስ። እንግዲያው ገንዘቡን እይዛለሁ፣ ግን ሳትመረመር ለቀዶ ጥገና አልከፍልም አልኩ። ይኸው ነው ወንጀሌ። ከዚያ በኋላ የተባልኩትን ሁላችሁም አይታችኋል፤ «የድሃ እርዳታ አደናቃፊ»፣ «ወንድ ሆነህ ስለ ማኅፀን ምን አገባህ»፣ «መምህር እንጂ ዶክተር አይደለህ»፣ «ስደተኛ ስለሆነች አይገባትም ልትል ነው?»

ወንድ ነኝ፤ እውነት ነው። ዶክተርም አይደለሁም፤ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው የማንንም በሽታ ስም ለማውጣት አይደለም። የምጽፈው፣ ነርቭ ምን እንደሆነና ይህ የሚሸጡላችሁ ቀዶ ጥገና ምን ታሪክ እንዳለው ማንበብ ስለምችል ነው። ስለ «ምን አገባህ» ግን አንድ ነገር ልናዘዝ።

መተማን ከመሻገሬ በፊት አገር ቤት ሳስተምር አሥረኛ ክፍል አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ትቀራለች። እኔ ደግሞ ቀሪ መቁጠር የምወድ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ክፍሉ መካከል አስነሥቼ «አንቺ ገበያ ነው የምትውዪው?» አልኳት፤ ልጆቹ ሳቁ። ምንም አልመለሰችልኝም። በሚቀጥለው ወር ሳትቀር መጣች፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ከመቀመጫዋ ተንሸራታ ወደቀች። ጓደኞቿ ደግፈው አወጧት። አንዷ ስትመለስ «ቲቸር፣ ሁልጊዜ እንደዚህ ነች» አለችኝ። በዚያው ሰሞን የሥነ ተዋልዶን ምዕራፍ ለዚያው ክፍል አስተምሬ ጨርሼ ነበር። ሰሌዳው ላይ ማኅፀን ሥዬ፣ ክፍሎቹን በቀስት አመልክቼ፣ ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ያማል የሚል ግን አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት አልተመዘገበችም። ምክንያቱ ያ ይሁን ሌላ አልጠየቅሁም። ያገባኝ እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ ነርቩ ልመለስ።

የወር አበባ ሲመጣ የማኅፀን የውስጥ ሽፋን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ይለቃል። ማኅፀን ጡንቻ ነው፤ ይህ ኬሚካል ጡንቻውን ያኮማትረዋል። ሲኮማተር የራሱን የደም ሥሮች ይጫናል፤ ደም ያጠረው ጡንቻ ደግሞ ያማል። ኬሚካሉ የበዛባት ሴት ሕመሟም ይበዛል፤ ታስመልሳለች፣ ሆዷን ያስቀምጣታል፣ ያዞራታል። ማስመሰልም ቅብጠትም አይደለም። ይህ ሕመም ወደ አንጎል የሚሄደው በነርቭ ነው። ከማኅፀን የሚነሡት የሕመም ነርቮች ወደ ኋላ ሄደው፣ ከወገብ አጥንት መጨረሻ ፊት ለፊት፣ ትልቁ የደም ሥር ለሁለት ከሚከፈልበት ሥር እንደ መረብ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ወደ ጀርባ አከርካሪ ይወጣሉ።

ታዲያ «መረቡን ብንቆርጠውስ?» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። የክሊኒኩ ሰዎች «የዘመኑ ቴክኖሎጂ» ቢሏትም፣ ማቲዩ ዣቡሌ የሚባል የሊዮን ከተማ ፈረንሳዊ ሐኪም በእነዚህ ነርቮች ላይ ስለሚደረግ ቀዶ ጥገና የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፤ ምኒልክ ገና በዙፋን ላይ ሳሉ። በ1920ዎቹ እዚያው ሊዮን ጋስቶን ኮት የሚባል ሐኪም መረቡን ቆርጦ የማውጣቱን ሥራ አስፋፋው፤ ብዙ ሴቶችም በዚህ ተሠሩ። በ1955 ደግሞ ዶይል የሚባል አሜሪካዊ ሌላ መንገድ አመጣ፤ ላይ ድረስ ሳይወጡ፣ ከማኅፀን አንገት ኋላ ባሉት ጅማቶች ውስጥ የሚያልፉትን ነርቮች መቁረጥ። ይህኛው በኋላ ሆድ ሳይከፈት፣ በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ (ላፓራስኮፒ የሚሉት) በጨረርና በኤሌክትሪክ ማቃጠል ሆነ። ለእህታችን የተነገራትን «ማቃጠል» ክሊኒኩ በዝርዝር አልጻፈላትም፤ ከገለጻው ስነሣ ግን ይኸኛው ነው።

ልብ በሉ፤ ሁለት የተለያዩ ቀዶ ጥገናዎች ናቸው። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ሻጮቹ ሁለቱንም «ነርቭ» ብለው ነው የሚሸጧቸው፤ ማስረጃቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የታችኛውን እንይ። እንግሊዞች ይህን ማቃጠል በ18 ሆስፒታሎች፣ ሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም ባለባቸው 487 ሴቶች ላይ ፈተኑት። አሠራሩን ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሱታላችሁ፤ መቆጣጠሪያ ቡድን ያልነውን። ሁሉም ሴቶች በካሜራው ታዩ፤ በዕጣ ግማሾቹ ነርቩ ተቃጠለላቸው፣ ግማሾቹ አልተነካባቸውም። የትኛዋ ምን እንደተደረገላት ለሴቶቹ አልተነገራቸውም። ለዓመታት ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ፤ በሁለቱ ቡድኖች ሕመም መካከል ልዩነት አልተገኘም። በወር አበባው ሕመም አልተገኘም፤ በሌላው ቀን ሕመም አልተገኘም፤ በግንኙነት ጊዜ በሚሰማው ሕመምም አልተገኘም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ2007፣ ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ይህ ሥራ አይጠቅምም፣ አይሠራ ብሎ ወስኗል።

«እኔ የማውቃት ልጅ ተሠርታ ድናለች» የምትሉኝ አላችሁ። ውሸት ነው አልላችሁም። ሰው ታመመ፣ ታመነ፣ ተኛ፣ ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ ዘመድ ጠየቀው፤ ለጊዜው ቀለል ቢለው አይደንቅም። ዕጣ የሚጣለውና ለታካሚዋ የማይነገራት ለዚህ ነው። አንድ ሰው «ድኛለሁ» ማለቱ ማስረጃ ቢሆን ኖሮ አገር ቤት ያለው ጠንቋይ ሁሉ ፕሮፌሰር ነበር።

አሁን ደግሞ ከእኔ ጋር የማይሄደውን ልናገር፤ ደብቄ ብከራከር ያው ደላላ ሆንኩ ማለት ነው። የላይኛው፣ መረቡን ቆርጦ ማውጣቱ፣ ለአንዳንድ ሴቶች ይሠራል። ጣሊያን ውስጥ ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸውን 141 ሴቶች በዕጣ ከፍለው፣ ለሁሉም በሽታውን በካሜራ ሲያጸዱ ለግማሾቹ በተጨማሪ መረቡን ቆረጡላቸው። ከዓመት በኋላ የወር አበባ ሕመማቸው ከተቆረጠላቸው ከመቶ 85 ያህሉ፣ ካልተቆረጠላቸው ደግሞ ከመቶ 57 ያህሉ ተሽሏቸው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ነው። ትልቅ ልዩነት ነው፤ ለአንዲት በየወሩ ለምትሞት ሴት ደግሞ ከትልቅም በላይ ነው። ስለዚህ «የነርቭ ቀዶ ጥገና ሁሉ ማጭበርበር ነው» ብዬ አልጽፍም፤ ጽፏል የምትሉ አላነበባችሁም።

ግን እነማን ነበሩ እነዚያ ሴቶች? መጀመሪያ በሽታቸው ታውቋል። ነርቭ ቆረጣው የተጨመረው በዋናው ሥራ ላይ ነው፤ ብቻውን አልተሸጠላቸውም። የሚጠቅመውም ከእምብርት ወደ ታች መሐል ለመሐል ለሚሰማ ሕመም ነው። ከእንቁልጢና ከቱቦው የሚነሣው የጎን ሕመም በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ከእንቁልጢ የደም ሥሮች ጋር ተያይዞ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ በዚህ መረብ አያልፍም። እህታችንን የሚያማት ቀኝ ጎኗን ነው። የካርቱምን ስልክ ለማቋረጥ የፖርት ሱዳንን ሽቦ እንደ መቁረጥ ነው። ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያሻም፤ የቱ ጋ ያምሻል ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ክሊኒኩ ይህንን አልጠየቃትም።

ዋጋውም በፓውንድ ብቻ አይደለም። መረቡ ያለበት ቦታ ትልልቅ የደም ሥሮች የሚያልፉበት ነው፤ እጅ ከተሳሳተ ደም ይፈሳል። ከተሠሩት ሴቶች ብዙዎቹን ሆድ ድርቀት ይይዛቸዋል፤ አንዳንዶቹን ሽንት ያጣድፋቸዋል። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 ባወጣው መመሪያ ላይ አንድ ሌላ ነገር ተጽፎ አነበብኩ፤ እዚያ ስደርስ ብዙ ቆየሁ። ነርቩ የተቆረጠባት ሴት በኋላ ስትወልድ የመጀመሪያው ምጥ ሕመም ላይሰማት ይችላል። ለጄኔቭ ሴት ይህ ጸጋ ሊሆን ይችላል። የስደተኛ ሴት ግን ምጡ እንደያዛት የምታውቀው በሕመሙ ነው፤ ያኔ ነው ሌሊት ጎረቤት ቀስቅሳ፣ ረክሻ ፈልጋ፣ ከሻውን (የፖሊሱን አፈሳ) ፈርታ ሐኪም ቤት የምትደርሰው። ይህን ማን ነገራት? ማንም።

ሕመም ደግሞ ምክንያት አለው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው፣ የማኅፀን ሽፋንን የመሰለ ሥጋ ከማኅፀን ውጭ በቅሎ በየወሩ የሚቆስልበት በሽታ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ከ10 አንዷን ይይዛል፤ 190 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ስሙን ከመካከላችን ስንቶቻችን ሰምተናል? ሌላም አለ፤ የማኅፀን ዕጢ፣ በእንቁልጢ ላይ የሚቋጠር ውኃ፣ የማኅፀን ቲቢ። ከኢንፌክሽን የሚመጣም አለ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልናገር። ከመተማና ከሑመራ ወዲህ ያለውን መንገድ በእግሩ የመጣ ሁሉ፣ በዚያ መንገድ በሴቶቻችን ላይ የሆነውን ያውቃል፤ አናወራውም እንጂ። ካልታከመ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ኢንፌክሽን ለዓመታት የሚቆይ የዳሌ ሕመም ትቶ ይሄዳል፤ ቶሎ ከተገኘ መድኃኒቱ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ነው። እንዲህ ያለችዋን ሴት ነርቧን አቃጥሎ መላክ፣ ሌባ ሲገባ የጮኸውን ውሻ ገድሎ እንደ መተኛት ነው።

የተገረዙና የተሰፉ ሴቶችም አሉ፤ በሱዳንም በእኛም አገር በአንዳንድ አካባቢ። ደሙ መውጫ አጥቶ ሲጠራቀም ያማል። ለዚህ መፍትሔው ስፌቱን መክፈት ነው፤ ነርቭ ምን አደረገ? (ሱዳን ይህን ድርጊት በ2020 በሕግ ወንጀል አድርጋዋለች። ሕጉ መውጣቱ ጥሩ ነው፤ የተሰፋውን ግን ሕግ አይፈታውም።)

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። እህታችን ስንት ዓመት ስትታመም የዋጠችው ፓናዶል ብቻ ነው። ያንንም ሕመሙ ጣራ ከነካ በኋላ። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እነ አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት እንደሚያግዱ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ በ1982 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ነበር። እነ ኢቡፕሮፌንና እነ ሜፈናሚክ አሲድ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሕመሙን የሚያመጣውን ኬሚካል ይቀንሱታል። ነርቭ መቁረጥ ከሐኪም ቤቶች እየቀረ የሄደው በእነዚህና በሆርሞን ክኒኖች ምክንያት ነው። የሚጠቅሙት ግን ቀድመው ሲወሰዱ ነው፤ ደሙ ሊጀምር ሲል ወይም ገና እንደ ጀመረ፣ ምግብ ተበልቶ፣ በሰዓቱ፣ ለሁለት ለሦስት ቀን። ኬሚካሉ ከተመረተ በኋላ መዋጥ ጅቡ ከሄደ ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ያለባት፣ ወይም እርጉዝ ልትሆን የምትችል ሴት ሳትጠይቅ አትውሰድ። መጠኑን ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ማንኛውም ሰይደሊያ ይነግራችኋል። ዋጋው የዚያ ቀዶ ጥገና ስንት ሺኛ እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ይህ ካልበቃ ሆርሞን አለ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን፣ የሦስት ወሩ መርፌ፣ ክንድ ሥር የሚቀበረው። ይህን ስጽፍ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን እንዳጠቆራችሁ ይታየኛል። «ያላገባች ልጅ የወሊድ መከላከያ? መካን ሊያደርጋት ነው? ሰው ምን ይላል?» አያመክንም። መርፌው ከቆመ በኋላ እርግዝና ለመምጣት ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ ያ መምከን አይደለም። ለአንዳንድ ሴት፣ ለምሳሌ ደም ግፊት ላለባት ወይም ደም የመርጋት ችግር ለነበረባት፣ ክኒኑ ላይስማማ ስለሚችል ሐኪም ያያታል። ከሐሙስ ጀምሮ ያልገባኝ ነገር ግን ይህ ነው፤ አንዲት ክኒን ልትውጥ ሲሆን «ማኅፀኗን አትንኩ» የሚል ሽማግሌ፣ እዚያው ማኅፀን ጀርባ ብረት ገብቶ ሲያቃጥል እንዴት መቶ ፓውንድ ያዋጣል?

«ስታገቢ ይለቅሻል፣ ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚሉ እናቶቻችንንም ልናገራቸው ነው፣ በአክብሮት። አንዳንዷን ይለቃት ይሆናል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባት ግን ለመውለድም ልትቸገር ትችላለች። ስትወልጂ ይድናል የሚሏት ልጅ በበሽታው ምክንያት ሳትወልድ ስትቀር፣ ያው ሰው ዞሮ «መካን» ይላታል። እማማ፣ እናንተም አሟችሁ ነበር። ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ያለፋችሁት ያማችሁ ስላልነበር ሳይሆን የሚሰማችሁ ስላልነበር ነው።

በጅዳ፣ በቤይሩት፣ በቶሮንቶ ያላችሁ ዘመዶቻችን፤ ገንዘቡን በአብዛኛው የምትልኩት እናንተ ናችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ልመናዬ፣ ከመላካችሁ በፊት ወረቀት ጠይቁ። የአልትራሳውንድ ውጤት አለ? ሐኪሙ የጻፈው የበሽታው ስም ምንድን ነው? የሚሠራው ላይኛው ነው ታችኛው? ሕመሙ መሐል ነው ጎን? ከዚያ በፊት የትኛው መድኃኒት ለስንት ወር ተሞከረ? የሚሠራው ሐኪም ይህን ስንት ጊዜ ሠርቷል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ሐኪም ሳይሆን ነጋዴ ነው፤ ነጩ ገዋን አያታልላችሁ። ስትጠይቁ ልጅቷ ትቀየማችኋለች ብላችሁ አትፍሩ፤ የሚቀየመው ደላላው ነው። ከመቶው ስንት እንደሚደርሰው እሱ ያውቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ክስ ልምጣ፤ «ስደተኛ ስለሆነች አይገባትም ልትል ነው?» ወደሚለው። ይህን ያለኝን ሰው አከብረዋለሁ፤ ሌሎቹ ከሰደቡኝ ይልቅ ይህ አላስተኛኝም። ወንድሜ፣ እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የአንዲት ለንደን ያለች ሴት ሐኪም ይህን ታችኛውን ሊሠራላት ቢል መመሪያው አይ ይለዋል። ለእሷ የተከለከለውን እዚህ ለእኛ ልጅ ሲሸጡ እኩል አደረጓት ማለት አይደለም። ስደተኛ የሚገባው አገር ቤትም ሆነ አውሮፓ ላለች ሴት የሚገባው ነው፤ ቁጭ አድርጎ የሚሰማ፣ የሚመረምር፣ በሚገባት ቋንቋ የሚነግራት ሐኪም። ከካምፕ ውጭ የምንኖር ስለሆንን፣ መታወቂያችን የሚያልቅ ስለሆነ፣ ትልቁ ሙስተሽፋ ደጃፍ ላይ ወረቀት ስንጠየቅ ስለምንፈራ ነው ደላላው እጅ የምንወድቀው። እዚያ ላይ አብረን እንጩህ፤ እኔ ከፊት እሆናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ እኛው። ማኅበራችን ለአስከሬን መላኪያ በሁለት ቀን ስንት እንደሚሰበስብ ታውቃላችሁ፤ ይገባል፣ ሬሳ ባዕድ አገር አይቀርም፤ እኔም አዋጥቻለሁ። ግን በስንት ዓመቴ አንዲት በሕይወት ያለች ልጅ አልትራሳውንድ ትነሣ ብለን ስንሰበሰብ አላየሁም። የእህታችን ጉዳይ እንኳ መዋጮ የሆነው ቀዶ ጥገና የሚል ቃል ሲመጣ ነው። ሕመሟን ስንት ዓመት ሰምተን ዝም አልን፤ ቢላዋ ሲባል ተንቀሳቀስን። ቤቷ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሴት፣ ራሷ ችግረኛ ሆና፣ በጀሪካን ሙቅ ውኃ ሞልታ ሆዷ ላይ ታስቀምጥላት ነበር። ሙቀት በእርግጥ ይረዳል፤ ያቺ ሴት እስካሁን ከሁላችን የተሻለ አክማታለች።

እህቶቼ፣ እናንተ ደግሞ። አልትራሳውንዱ «ምንም የለም» ቢል ሕመማችሁ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ብዙ ጊዜ በተለመደው አልትራሳውንድ አይታይም። ሐኪሙ «ጭንቀት ነው» ብሎ ቢሸኛችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። ደብተር ያዙ፤ ደሙ የመጣበት ቀን፣ የሚያምበት ቦታ፣ የዋጣችሁት፣ የቀራችሁበት ሥራ። ሦስት ወር የተጻፈ ደብተር ይዛ የገባችን ሴት በሁለት ደቂቃ መሸኘት ይከብዳል። ትኩሳት ካለው፣ ደሙ ከልክ ካለፈ፣ ወይም የወር አበባ ቀርቶ በአንድ ጎን ድንገት ከባድ ሕመም ከመጣ ግን ደብተር አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሂዱ። እርግዝናው ከማኅፀን ውጭ ከሆነ ይገድላል።

ይህን ሁሉ ሞክራ፣ በሽታዋ ታውቆ፣ መድኃኒቱም ዋናው ቀዶ ጥገናም አልበቃ ብሎ፣ ሕመሟ መሐል ለመሐል የሆነ፣ የላይኛውን ደጋግሞ የሠራ ሐኪም ያገኘች፣ ጉዳቱም ተነግሯት «ይሁን» ያለች ሴት ካለች፣ መዋጮዋን እኔ ራሴ ከቤት ቤት እየዞርኩ እለምናለሁ። የደመወዜን ግማሽ አስቀድሜ።

ስለ ገንዘቡ። እስከ ሐሙስ የተዋጣው እኔ ዘንድ ነው፤ የማን ስንት እንደሆነ ተጽፏል፤ መመለስ የሚፈልግ ይምጣ፣ እሰጠዋለሁ። እህታችንን ቅዳሜ አነጋግሬያታለሁ፤ ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ ይህን ጽሑፍም አንብቤላት ይሁንታዋን ሰጥታለች። «መጀመሪያ ልመርመር» ብላለች፤ አሠሪዋም በስንት ልመና አንድ ቀን ፈቅዳላታለች። ረቡዕ ጠዋት ሴት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ተይዞላታል። ደላላው አያውቅም፤ እንዳትነግሩት። አብራት የምትገባ ዐረብኛ የምትችል ሴት እንፈልጋለን፤ ወንድ አስተርጓሚ አይሆንም፣ እኔም አልገባም። እስካሁን በውስጥ መስመር የጻፉልኝ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ሥራ ላይ ነች፣ ሌላዋ ዴም ነው የምትኖረው፣ ለጠዋት መጓጓዣ ይቸግራታል። የረክሻውን እኔ እከፍላለሁ። ሌላ የምትችል ካለች እስከ ማክሰኞ ማታ ጻፉልኝ።